የአንጀት ጤና ከባሕር ማዶ አይመጣም

ከአሜሪካ ወይም ከዓረብ አገር የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ሲፈታ፣ ከቪታሚኑና ከሽቶው መሃል አሁን አሁን አንድ ሌላ ጠርሙስ አይጠፋም። ፕሮባዮቲክ ይሉታል፤ በሕይወት ያሉ ባክቴሪያዎች የታጨቁበት እንክብል ነው። ዋጋው ከፍ ያለው ደግሞ ከባሕር አረም የወጣ ነገር ተቀላቅሎበታል። ሐሳቡ ይገባል። አንጀታችን ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ቀለብ ይፈልጋሉ፤ ቀለባቸው የእኛ ሆድ መፍጨት የሚያቅተው ፋይበር ነው፤ የባሕር አረም ደግሞ በእንዲህ ያለ ፋይበር የበለጸገ ነው። ባክቴሪያውና ቀለቡ ተጣምረው ሲሰጡ ሲንባዮቲክ ይባላሉ።

ከዚህ ሳይንስ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ የአንጀት ጤና ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ የሚገዛ ነው ከሚለው እምነት፣ ከእሱም ጋር ተያይዞ ከሚሄደው «ቆጮ ባዶ ነው፣ ሆድ መሙያ ነው» ከሚለው ፍርድ ጋር ነው። ይህን ፍርድ ወልቂጤም ቡታጅራም ትሰሙታላችሁ። ልጆቻቸውን በቆጮ ፋንታ በነጭ ዳቦ፣ በሩዝና በፓስታ ማሳደግን እንደ ዕድገት የሚቆጥሩ ወላጆች ያምኑበታል። ቆጮን ለመስቀልና ለክትፎ ብቻ የሚያስታውሱ የከተማ ሰዎችም ያምኑበታል። የሚያሳዝነው፣ የሥነ ምግብ ትምህርት የቀሰሙ ሰዎችም ሠንጠረዣቸውን ገልጠው «ፕሮቲኑ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ሲያዩ መጽሐፉን ይዘጉታል።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ የእንሰት አገር ማዕድ፣ ቆጮው ከእርጎና ከአሬራ ጋር ሲቀርብ፣ ዓለም ዛሬ በጠርሙስ ሊሸጥልን የሚሞክረውን ጥምረት ከቤት አውጥቶ የሚሰጥ ነው። ያንን ማዕድ ንቀን እንክብል የምንገዛ ከሆነ በገንዘባችንም በጤናችንም እንከስራለን።

ጉዳዩን ለማየት ከጉራጌው ጉመር ወረዳ ዋና ከተማ ከአረቅጥ የተሻለ ቦታ አላውቅም። አረቅጥ ደጋ ናት፤ ብርዱ አጥንት ይነካል። ዙሪያዋን ገብስ፣ ባቄላና ድንች ይበቅላል፤ ከየቤቱ ጀርባ ግን እንሰት አለ። ከእንሰቱ ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ለሚብላላው ቆጮ ብርዱ የራሱ ሕግ አውጥቶለታል። ቆላማ አገር ቶሎ የሚደርሰው እዚህ ወራት ይፈጃል፤ ከዓመት በላይ ጉድጓድ ውስጥ የሚቆይም አለ። ባለሙያዋ እናት ጉድጓዱን ስትከፍት መጀመሪያ የሚመጣው ሽታው ነው፤ ኮምጣጣ፣ ጠንካራ፣ ለለመደው የሚያስርብ። የደረቀውን የእንሰት ቅጠል ከላይ ታነሳና ከሥር ያለውን ነጭ ሊጥ በእጇ ቆርሳ ታወጣለች። ቀሪውን ጠቅጥቃ፣ አየር እንዳይገባው በአዲስ ቅጠል መልሳ ትሸፍነዋለች። ያወጣችውን ጨምቃ ውኃውን ታስወግዳለች፤ የቀረውን ቃጫ በቢላ ደጋግማ ትከትፋለች፤ ከዚያ በቅጠል ጠቅልላ ምጣድ ላይ ትጥለዋለች። ይህን ሁሉ ሠርታ «ባዶ ምግብ ነው» የሚል ሰው ስትሰማ ምን እንደሚሰማት ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ጉድጓዱ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ የአገራችን ሰው መርምሮታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጥናት የቆጮን መብላላት ደረጃ በደረጃ ተከታትሏል። ሥራውን ከሚጀምሩት ዋናው ሊውኮኖስቶክ ሜሴንቴሮይደስ የተባለው ባክቴሪያ ነው። እሱ አሲዱን ከፍ ሲያደርገው ለራሱ መኖር ይቸግረዋል፤ ያን ጊዜ አሲድ የሚችሉት የላክቶባሲለስ ወገኖች፣ ከእነሱም ላክቶባሲለስ ፕላንታረም፣ ተረክበው ይጨርሱታል። በቅጠል የታሸገ፣ አየር የማይገባው፣ እየኮመጠጠ የሚሄድ ጉድጓድ የሚያበላሹትን አባርሮ እነዚህን ያስቀራል። ሴቶቹ የባክቴሪያዎቹን ስም ሳያውቁ ለባክቴሪያዎቹ የሚስማማውን ቤት ሠርተዋል።

ላክቶባሲለስ ፕላንታረም የሚለውን ስም ያዙልኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ የሕንድ ጥናት ነበር። በኦዲሻ ግዛት ገጠር ከ4500 በላይ አራስ ሕፃናት ተካፍለውበታል። ለግማሾቹ አንድ የላክቶባሲለስ ፕላንታረም ዝርያ ከፍሩክቶኦሊጎሳካራይድ፣ ማለትም ባክቴሪያው ከቀለቡ ጋር፣ ለአንድ ሳምንት ተሰጣቸው። በደም መመረዝ መታመምና መሞት በእነዚህ ላይ 40 በመቶ ቀነሰ። ለሲንባዮቲክ ከተገኙት ማስረጃዎች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው ብል አላጋነንኩም። ያ ባክቴሪያ የጉመር ጉድጓድ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ስም ይጋራል። አንድ ዓይነት ዝርያ ነው አላልኩም፤ በዚህ ሙያ ሥራውን የሚወስነው ዝርያው ነው፤ ያንዱን ውጤት ለሌላው ማውረስ አይፈቀድም። ግን «ባዶ» የምንለው ጉድጓድ ዓለም በከበረ ዋጋ የሚፈልገውን ወገን ያራባል።

እዚህ ላይ ደግሞ ከወገኖቼም ጋር ልከራከር። ከንቀቱ በተቃራኒ የቆመ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞር ፉከራ አለ፦ «እንጀራችንም ቆጯችንም ፕሮባዮቲክ ነው፤ የእኛ ምግብ ሁሉ የቦካ ስለሆነ እንክብል አያስፈልገንም»። ይህ ውሸት ነው፤ ውሸት ደግሞ ቆጮን አይጠቅመውም። ፕሮባዮቲክ ለመባል ባክቴሪያው በሕይወት ሆኖ፣ በበቂ መጠን ሲወሰድ ለጤና ጥቅም መስጠት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ያስቀመጡት ትርጓሜ ይህ ነው። ምጣድ ላይ የበሰለ ቆጮ ውስጥ በሕይወት የሚቀር ላክቶባሲለስ የለም ማለት ይቻላል። እንጀራም እንዲሁ። አይብም ቢሆን አሬራው እሳት ላይ ሞቆ የሚረጋ ስለሆነ፣ ሙቀቱ በጨመረ መጠን በውስጡ የነበረው ሕይወት ይቀንሳል።

ታዲያ ከምጣዱ ምን ይተርፋል? ቀለቡ ይተርፋል። ቃጫው ተከትፎ የቀረው ደቃቅ ፋይበር አለ። ስታርቹም አለ፤ ማንኛውም ስታርች በስሎ ሲቀዘቅዝ ከፊሉ መልሶ ይጠነክርና ትንሹን አንጀት ሳይፈጭ ያልፋል፤ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ለባክቴሪያዎቹ ቀለብ ይሆናል። እነሱም በተራቸው ቡቲሬትን የመሳሰሉ አጫጭር የስብ አሲዶችን ይሠራሉ፤ የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች ኃይላቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት ከዚሁ ነው። ስለዚህ ቆጮ የጥምረቱን አንድ ጎን፣ የቀለቡን ጎን ይይዛል። በሕይወት ያለው ሌላኛው ጎን ያለው በወተቱ ዕቃ ውስጥ ነው፤ በወይራ ጭስ በታጠነው ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ የረጋው እርጎ፣ ቅቤው ከተናጠ በኋላ የቀረው አሬራ። እሳት ያልነካቸው እነዚህ ናቸው። ምግቡን በአንድ ሳህን ሳይሆን በሙሉ ማዕዱ ካየነው ጥምረቱ እዚያው ተሟልቶ ይገኛል።

በጾም ቀን ወተት እንደማይቀርብ አውቃለሁ። ለዚያም ደጋው መልስ አለው፤ ከገብስ የሚሠራው ሻሜታ ከቦካ በኋላ እሳት ሳይነካው ይጠጣል፤ የአገራችንን የቦኩ ምግቦችና መጠጦች ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊና ባልደረቦቻቸው ላክቲክ አሲድ ሠሪ ባክቴሪያ በብዛት እንዳለው አሳይተዋል።

አሁን ወደ ባሕር አረሙ ልመለስ፤ ለሻጮቹ የሚገባቸውን ልስጣቸው። ከቡናማው የባሕር አረም የሚወጣው አልጂኔት ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ ይረጋል። በዚህ ጠባዩ ባክቴሪያን እንደ ቅርፊት ሸፍኖ በጨጓራ አሲድ ውስጥ በሰላም ለማሳለፍ ይጠቀሙበታል። ብልህ ዘዴ ነው። ግን የሚፈታው ችግር የፋብሪካው ነው። ባክቴሪያው ደርቆ፣ ታሽጎ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ወራት መደርደሪያ ላይ ቆሞ እንዲቆይ የሚፈልገው ነጋዴው ነው። ዛሬ ጠዋት የረጋ እርጎ ዛሬ ሲጠጣ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፤ ወተቱ ራሱ የጨጓራውን አሲድ ያለዝብለታል። እንክብሉ ግን ኮንቴይነር ውስጥ፣ ከዚያም በየከተማው ሱቅ ሙቀት ውስጥ ሲከርም፣ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ምን ያህሉ በሕይወት እንደ ደረሰ ገዢው የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ከዚህ የሚበልጥ ነገርም አለ። ጃፓኖች ሱሺ የሚጠቀልሉበት ኖሪ የሚባለው የባሕር አረም ፖርፊራን የተባለ ፋይበር አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 ኔቸር ላይ የወጣ ጥናት ፖርፊራንን የሚሰብረውን ኢንዛይም የሚያሠራውን ዘረ መል በጃፓናውያን አንጀት ባክቴሪያ ውስጥ አገኘው፤ ለንጽጽር በታዩት ሰሜን አሜሪካውያን ውስጥ ግን አልነበረም። ያ ዘረ መል የመጣው ባሕር ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነው፤ ጃፓኖቹ ትውልድ በትውልድ አረሙን ሲበሉ ወደ አንጀታቸው ተሻገረ። የሰው አንጀት ሕዝቡ ከሚበላው ጋር ይላመዳል ማለት ነው። የባሕር አረም ፋይበር ሁሉ ለእኛ ከንቱ ነው ለማለት አይደለም፤ ከፊሉን ማንኛውም አንጀት ይቀበለዋል። ነገር ግን ለጃፓን አንጀት የሠራ ነገር ሁሉ ለጉራጌ አንጀት ይሠራል ብሎ መገመት መሠረት የለውም። እኛን ለዘመናት የመገበን ተክል ከየቤታችን ጀርባ ቆሞ ሳለ ይህን ግምት በዶላር መግዛት ምን ይባላል?

ስለ አዮዲንም አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ኬልፕ የሚባሉት የባሕር አረሞች አዮዲናቸው እጅግ ከፍተኛ ነው። ደጋው አገራችን ለረጅም ጊዜ በአዮዲን እጥረትና በእንቅርት ሲቸገር የኖረ ነው። እንዲህ ያለ አካል ላይ ድንገት ብዙ አዮዲን ሲገባበት የእንቅርት ዕጢው ከመጠን በላይ ሊሠራ ይችላል። የአዮዲን መፍትሔው አዮዲን ያለበት ጨው ነው፤ መጠኑ የማይታወቅ ዱቄት አይደለም።

ፕሮባዮቲክ ሲወሰድ ሁልጊዜ ይጠቅማል፣ ቢያንስ አይጎዳም የሚለውም ሊፈተሽ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2018 የእስራኤሉ ዋይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች ሴል በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት፣ አንቲባዮቲክ ወስደው ሲጨርሱ ፕሮባዮቲክ የተሰጣቸው ሰዎች የራሳቸው የአንጀት ባክቴሪያ ወደ ነበረበት ለመመለስ ምንም ካልተሰጣቸው ይልቅ እንደዘገየባቸው አሳይቷል። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአብዛኞቹ የሆድ ሕመሞች ፕሮባዮቲክን ለማዘዝ በቂ ማስረጃ እንዳላገኘ ገልጿል። እኛ አገር ግን ሆድ ለነፋው ሁሉ የሚመከር ሆኗል።

ምግብ ራሱ ሲፈተንስ? እ.ኤ.አ. በ2021 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 36 ጎልማሶችን ይዘው ባካሄዱት ጥናት፣ እርጎን የመሰሉ የቦኩ ምግቦችን ለ10 ሳምንት ያዘወተሩት በአንጀታቸው የባክቴሪያ ዓይነት በዛ፣ በደማቸው የብግነት ምልክቶች ቀነሱ። ለእኛ የሚቀርበው ግን የታንዛኒያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ኔቸር ሜዲስን ላይ የወጣው ጥናት በኪሊማንጃሮ 77 ጤነኛ ወንዶችን አሳተፈ። ነባሩን ምግብ ይበሉ የነበሩት የገጠር ሰዎች ለሁለት ሳምንት ወደ ምዕራባዊ ምግብ ሲዛወሩ ብግነታቸው ጨመረ፤ የከተማዎቹ ወደ ነባሩ ምግብ ሲመለሱ ቀነሰ። ሦስተኛው ቡድን ምቤጌ የሚሉትን ከሙዝ የሚጠመቅ ባህላዊ መጠጥ ለአንድ ሳምንት ጠጣ፤ በእሱም ላይ ብግነት የመቀነስ ለውጥ ታየ። ምቤጌ የቻጋ ሕዝብ መጠጥ ነው፤ ቻጋዎች የሙዝ ሕዝብ ናቸው፤ ሙዝ ደግሞ የእንሰት የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለት ሳምንት ብቻ! በወልቂጤና በቡታጅራ ቆጮን በነጭ ዳቦና በፓስታ የሚለውጥ ቤተሰብ የሚለውጠው ለሁለት ሳምንት አይደለም፤ ለዕድሜ ልክ ነው።

እዚህ ላይ የሥነ ምግብ ባለሙያው ይነሳብኛል። «ሕፃናት እየቀነጨሩ አንተ ስለ ባክቴሪያ ታወራለህ?» ይለኛል። የቆጮ ፕሮቲን አነስተኛ መሆኑ እውነት ነው፤ በቆጮ ብቻ የሚያድግ ልጅ ይጎዳል፤ ይህን የሚክድ ሰው ልጆቹን አይወድም። ግን ቆጮን ብቻውን የሚበላ ቤት ባህሉ ነው ወይስ ችግሩ? ባህሉ ቆጮን ከጎመን፣ ከአይብ፣ ከእርጎ፣ ከባቄላ ጋር ነው ያቀረበው። ሠንጠረዡ አንዱን ነጥሎ መዘነና በጎደለው ፈረደበት። በዚህ ሚዛን ከሄድን ብቻውን የሚያልፍ ምግብ ጥቂት ነው።

ቆጮን የበደሉት ጠላቶቹ ብቻ አይደሉም፤ የሚያወድሱትም በድለውታል። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ የእንሰት አካባቢዎች ከሌላው ይልቅ መቋቋማቸው የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣውና በሰፊው የሚጠቀሰው የእንሰት ጥናት ርዕሱ ራሱ እንሰትን የረሃብ መከላከያ ዛፍ አድርጎ ያቀርበዋል። ውለታው ትልቅ ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ስለ እንሰት ስንናገር የምንናገረው ስለ ካሎሪ ብቻ ሆነ፤ ስንት ሰው ያበላል፣ ከአንድ ሄክታር ስንት ይገኛል፣ ድርቅ ይችላል ወይ። ወደ 20 ሚሊዮን ሰው የሚመገበው ተክል የመጠባበቂያ ስንቅ ስም ወጥቶለት ቀረ። ለረሃብ ቀን የተባለ ምግብ ደግሞ ሰው ጠግቦ ባደረ ቀን ይተወዋል። አንጀትን ይጠብቃል ወይ ብሎ የጠየቀው ጥቂት ነው። ይህን ጥያቄ ወደ ፊት ማምጣት ካለብን ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

እውነተኛው አደጋ ሌላ ነው። ጥምረቱ እየፈረሰ ያለው ቆጮው ስለ ደከመ አይደለም፤ ወተቱ ከቤት ስለ ወጣ ነው። ከብቱ ቀነሰ፤ ግጦሹ ጠበበ። ያለችው ላም የምትሰጠው ወተት ለሻይ ቤት፣ ቅቤው ለገበያ፣ አይቡ ለክትፎ ቤት ይሄዳል። ከተማ ውስጥ በሚጥሚጣና በቅቤ ያሸበረቀው ክትፎ ከአይብ ጋር በጣባ ሲቀርብ፣ አይቡን ያረጋችው እናት ልጅ ቆጮውን በጎመን ብቻ ይበላል። ከብቱ ሲቀንስ ፍግም ይቀንሳል፤ እንሰት ያለ ፍግ አይሆንም። በላዩ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በሳይንስ የሚታወቀው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ጉራጌን ክፉኛ መትቶታል። «ቆጮ ባዶ ነው» የሚለው ፍርድ እነዚህን ሁሉ ይሸፍናል፤ ጥፋቱን ወተቱን ካሳጣው ኑሮ አንሥቶ በተክሉ ላይ ይጥላል።

ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር «ቆጮ ቀንሱ» ከምትል «አሬራውን አትጨርሱት» ብትል እመርጣለሁ። አይብ ለማርጋት እሳት ላይ ከመጣዱ በፊት ለልጆቹ አንድ አንድ ኩባያ ይነሳላቸው። አሬራ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ገበያም ብዙ አይፈልገውም፤ ለቤቱ ግን በሕይወት ያለው እሱ ነው። ያልተፈላ ወተት ብሩሴላና የሳንባ ነቀርሳ ሊያስተላልፍ እንደሚችል፣ መኮምጠጡም ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ይነገር። ወተቱን አፍልቶ፣ ለብ ሲል በንጹሕ ዕቃ ከጥሩ እርጎ እርሾ ጨምሮ ማርጋት ደኅንነቱንና በሕይወት ያለውን ባክቴሪያ ያስታርቃል፤ ከዚያ የሚወጣው አሬራ ለልጅ ይሆናል።

ከዩኒቨርሲቲዎቻችን ደግሞ የምጠይቀው ቁርጥ ያለ ነገር ነው። በታንዛኒያ በ77 ሰው የተደረገውን ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ከአረቅጥ ሰዎች ጋር ሊያደርገው ይችላል። አንዱ ቡድን ለሁለት ሳምንት ቆጮ ከጎመን ጋር፣ ሁለተኛው ቆጮ ከጎመንና ከአሬራ ጋር፣ ሦስተኛው ነጭ ዳቦና ፓስታ ይብላ። ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ደማቸውና ዓይነ ምድራቸው ይመርመር፤ ባክቴሪያው፣ ቡቲሬቱ፣ የብግነቱ ምልክት ይለካ። ከጉመር ጉድጓዶች የላክቶባሲለስ ፕላንታረም ዝርያዎች ተለይተው በአገር ውስጥ ይቀመጡ፤ ነገ አንድ የውጭ ኩባንያ አጥንቶ በእንክብል መልሶ ሳይሸጥልን። ውጤቱ እኔ ከምለው ቢለይ እቀበለዋለሁ፤ ቆጮ በሠንጠረዥ ብቻ ተፈርዶበት ሲጣል ግን አልቀበልም።